እምቢ ያለችው አክስት

«እኔማ ነገ ጀምር ብትሉኝ ዝግጁ ነኝ፤ እምቢ ያለችው አክስቴ ናት» አለ ክሬግ፣ ጓሮ ወጥቶ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ። ማርሊን ወጥ ቤት ቆማ ሲኒ እያጠበች ነበር። የወጥ ቤቱ መስኮት ባለ አንድ መስታወት ነው፤ ነፋስ የሚያስገባ መስኮት ደግሞ ወሬም ያስገባል። መጀመሪያ ስለ ሌላ አክስቱ የሚያወራ መሰላት። ክሬግ ግን ሌላ አክስት የለውም። በእናቱ በኩል የነበረችው ከሞተች ቆይታለች፤ የቀረችው የአባቱ ወንድም ሚስት፣ ማርሊን ራሷ ናት። «አሮጊት ናት እኮ፤ ሠራተኛ ቤቷ ውስጥ ሲመላለስ አትወድም። ምን ላድርጋት? በግድ አይሆን ነገር» አለና ሳቅ አለ። ማርሊን አጥባ የጨረሰችውን ሲኒ አንስታ እንደገና አጠበችው።

እምቢ ማለት ቀርቶ፣ ቤቱ ይታደስ ወይ ብሎ ማንም ጠይቋት አያውቅም። ብትጠየቅ ምን እንደምትል ግን እሷም ባሏ ክሊፍም ያውቁታል። ክሊፍ ራዲያተሩ፣ ያ ሙቅ ውሃ የሚዞርበት የግድግዳ ማሞቂያ፣ ሳሎን መስኮቱ ስር መሆን አለበት ይላል፤ ጀርባውን ሰጥቶት ጋዜጣ ለማንበብ። እሷ ደግሞ መኝታ ቤት አንድ ትንሽ ቢገባላት ሌላ አትፈልግም። ይህን ሲነጋገሩበት የኖሩት ቁምነገር አድርገው አይደለም፤ ሎተሪ ቢወጣልን እያለ እንደሚጫወት ሰው ነው። ዘንድሮ ግን ጨዋታው ቁምነገር ሆነ። ክሊፍ ዕድሜውን ምንጣፍ ፋብሪካ ውስጥ የሱፍ ብናኝ ሲስብ ኖሮ፣ ከገና በፊት ትንፋሽ አጥሮት ሆስፒታል ገባ። አሁን ተሽሎታል። ተሽሎታል ግን አይለቁትም፤ ሕመምተኛ ከሆስፒታል ወደ ቤት የሚልኩ ሰዎች መጥተው ስለ ቤቱ ጠየቋት፣ እሷም ሞኝ ናትና እውነቱን ነገረቻቸው። በሶኬት የሚሠራ ማሞቂያ ያለው አንድ ክፍል ለእንዲህ ዓይነት ሳንባ ቤት አይባልም አሉ። ቤቱ የግድግዳ ማሞቂያ ከገባለት ይመለሳል፣ ካልገባለት አረጋውያን መጦሪያ አልጋ ይፈለግለታል። ዛሬ ማርሊን መልሱን ይዛ ወደ ሆስፒታል መሄድ አለባት።

ቤቱ የክሬግ ነው። ከዚያ በፊት የአባቱ የኖርማን ነበር፤ ኖርማን ለወንድሙ በርካሽ አከራይቶ፣ ኪራይ ሳይጨምር፣ ቤቱንም ሳይነካ ሞተ። ያልተጨመረ ኪራይና ያልታደሰ ቤት አብረው ይሄዳሉ፤ ማርሊን ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ አስቀምጣ ዝም ያለችው ለዚህ ነው። ጎመን በጤና ነበር ነገሩ። አሁን ግን ማዘጋጃ ቤቱ መጠየቅ ጀመረ። ቤቶች ሙቀት እንደመያዛቸው ፊደል ይሰጣቸዋል፤ የእነ ማርሊን ቤት ኤፍ ነው፣ ከጭራ ሁለተኛ። እንዲህ ያለ ቤት ማከራየት ከተከለከለ ቆይቷል፤ አከራዩ ወይ ያድሳል ወይ ይቀጣል። አንዲት መሹለኪያ ብቻ ተትታለታለች፤ ተከራዩ ራሱ ቤቴን አትንኩብኝ ካለ፣ አከራዩ ነፃ ነው። ይህን ያወጡት ሰዎች ክፋት አልነበረባቸውም። የሽማግሌ ቤት ያለፈቃዱ እንዳይፈርስበት ብለው ነው። ማርሊንን ስለማያውቋት ነው እንጂ።

ክሬግ እጁን እያፋተገ ገባ። በእጁ ከዳቦ ቤት የመጣ ገና ትኩስ ቋሊማ የተጠቀለለበት ዳቦ አለ፤ ለእሷ ሰናፍጭ ያልነካውን ለይቶ ነው የሚያመጣው። መኪና መንዳት አስተማሪ ነው። ሃምሳ ሊሞላው ነው፤ ሚስቱ ልጆቹን ይዛ ከሄደች ወዲህ ክብደቱ ጨምሯል፣ ፊቱ ግን አሁንም ኳስ ይዞ በዚህ ጓሮ ይሮጥ የነበረው ልጅ ፊት ነው። በየሳምንቱ ገበያዋን ተሸክሞ የሚያመጣላት፣ ሆስፒታል የሚያደርሳትና የሚመልሳት እሱ ነው። ለዚህ ነው የምትጠላው ሰው ያጣችው።

«ሰማሽኝ እንዴ?» አላት።

«ምኑን?»

«ይሁን ተይው።» ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ የራሱን ዳቦ ለሁለት ቆረጠ። «አክስቴ፣ ዛሬ ከማዘጋጃ ቤት የምትመጣዋ ሴትዮ ትጠይቅሻለች። ግርግር አልወድም በያት፣ በቃ። ውሸት እኮ አይደለም፤ አንቺ መቼ ግርግር ወደሽ ታውቂያለሽ?»

«ክሊፍስ?»

«ለክሊፍ ያንን ዘይት ያለበትን፣ ጎማ ያለውን ማሞቂያ አመጣለታለሁ። ወደፈለገበት እየገፋ ይወስደዋል።»

«በሶኬት የሚሠራ አይሆንም ብለዋል።»

«እነሱ ብዙ ይላሉ።» ዳቦውን አላምጦ ዋጠ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አክስቴ፣ ልዋሽሽ አልፈልግም። ባንኩ ወለድ ጨምሮብኛል። አድስ ካሉኝ እሸጠዋለሁ፤ ሌላ ምርጫ የለኝም። አንቺን ማስወጣት የምወድ ይመስልሻል? አባቴ ከመቃብሩ ተነስቶ ነው የሚገርፈኝ። ለጊዜው ነው፤ ነገሮች እስኪስተካከሉ» አላት።

ማርሊን ሰናፍጭ ያልነካውን ዳቦ አየችው። ልትለው የምትችለው ብዙ ነበር። ኑሯችንን ሙሉ ኪራይ አንድ ቀን አላሳለፍንብህም፤ ክርስትና ስትነሳ የለበስከውን ሹራብ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አጎትህ ከቤቱ ውጪ ሊሞት ነው። አንዱንም አላለችውም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እኛ ሰፈር ግን ስንቱ ሰው ዝም ብሎ ብርድ ገባበት። «ሻይ ልጨምርልህ?» አለችው።

ቤቱን ለእንግዳዋ ማዘጋጀት የጀመረችው ትናንት ነው። እናቷ ሐኪም ሲጠራ እንኳ መጀመሪያ የደጃፉን ደረጃ በነጭ ድንጋይ ፈግፍጋ ታነጣው ነበር፤ ሕመምተኛው ይጠብቃል፣ ደረጃው ግን አይጠብቅም። ማርሊንም ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለውን ጥቁር ሻጋታ በበረኪና አጥባ፣ ቁም ሳጥኑን መልሳ ገፋችበት። ከጥር ጀምሮ የምትተኛው ሳሎን ሶፋው ላይ ነው፤ ብርድ ልብሶቿን፣ ሁለቱን ትራሶች፣ አልጋ የምታሞቅበትን የሙቅ ውሃ ላስቲክ፣ መስኮቱ ስር የምትወሽቀውን የጨርቅ ጥቅል፣ ማታ የምትለብሰውን የክሊፍን የሱፍ ቆብ ሁሉ ተሸክማ ፎቅ አወጣችው። ችግር ሁሉ ፎቅ ወጣ፤ ታች ሳሎኑ ብቻ ቀረ፣ ንጹሕና ወግ ያለው። ከዚያ ከንጋት ጀምራ ሁለቱንም የሶኬት ማሞቂያ አንድ ላይ አበራች። ይህን አድርጋ አታውቅም። የመብራት ቆጣሪው ካርድ የሚጎርስ ነው፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ፣ እሱንም ከሻይ በኋላ እስከ ዜና ድረስ ነው የምታበራው። ሰው ቤቷ መጥቶ እንዲበርደው አትፈልግም፣ ያው ነው። እንግዳዋ የምትመጣው ግን ብርዱን ብላ ነበር። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይህ ነው፣ ሞኝነቱ ደግሞ የእሷ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ እኛ ሰፈር ሁሉም ቤት እንደዚያው ነው።

ከማዘጋጃ ቤቱ የመጣችው ሩክሳና የምትባል ወጣት ሴት ናት፤ አነጋገሯ የዚያው ከተማ ነው፣ አባቷ ታች ሰፈር መድኃኒት ቤት ነበረው። በሩ ላይ ጫማዬን ላውልቅ ወይ ብላ ጠየቀች። ማርሊን ይህን ወደደችላት። ወደ ሳሎን ስትገባ መነጽሯ ላብ ያዘው፤ አውልቃ በሻርፗ ጠረገችው፣ ካፖርቷንም አወለቀች።

«ቤትዎ እንዴት ደስ ይላል፣ ሚስስ አሽዎርዝ። ሙቅ ነው» አለች።

«ማርሊን በይኝ።» ፊቷ በኩራት ቀላ። ወዲያው ሙቀቱ በራሷ ላይ እንደሚመሰክርባት ገባት። ክሬግ በሩ አጠገብ ቆሞ፣ ዓይኑን ከማሞቂያዎቹ ወደ አክስቱ አዞረ። እሱ እንኳ አፍሮላት ነበር።

ሻይ ተቀዳ። በደህናው ሲኒ ነው የተቀዳው፣ ክሊፍ ጡረታ ሲወጣ ከፋብሪካው በተሰጠው። ብስኩቱ ቸኮሌት የተቀባው ዓይነት ነው፤ ዋጋው ዘንድሮ እጥፍ ሆኗል፣ ፓኬቱም አጥሯል፣ ስለዚህም ትንሽ አወሩ። ሩክሳና አያቷም ብስኩቱን ሳሎን ሳጥን ውስጥ ቆልፋ እንደምታስቀምጥ አጫወተቻቸው። ክሬግ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ለመግባት ሰው ስንት ወር እንደሚጠብቅ ነገራት። የቤቱ ግድግዳ ድንጋይ ብቻ መሆኑን፣ ጣሪያው ስር ሙቀት የሚይዝ ነገር እንዳልተነጠፈ ሩክሳና አስቀድማ ታውቃለች፤ ለዚያ አልመጣችም። የመጣችው ለአንድ ጥያቄ ነው። «ፎቁን ባየውስ?» አለች ግን፣ ለማንኛውም ብላ። ማርሊን ብርድ ልብሶቹና የክሊፍ ቆብ ታዩአት። «ፎቁ አልተስተካከለም፤ ይቅር ብትይኝ» አለቻት። ሩክሳናም ሰው ጓዳ በግድ የምትገባ ሴት አልነበረችም።

«እንግዲህ ሚስስ አሽዎርዝ፣» አለች ሲኒዋን አስቀምጣ፣ «አከራይዎ ቤቱን ለማደስ ፈቃደኛ ነኝ፣ እርስዎ ግን አልፈለጉም ይላሉ። ይህን ከእርስዎ አፍ መስማት ስላለብኝ ነው። ቢፈልጉ ደግሞ ለብቻችን ልናወራ እንችላለን። የተለመደ ነው፤ አከራይዎም አይቀየሙም።»

ክሬግ ወዲያው ጃኬቱን አነሳ። «ልክ ነው፣ እኔ ጓሮ ልሁን» አለ። የምሩን ነው፤ ሊወጣ ተነስቷል። በሩ ደርሶ እጀታውን ይዟል። ማርሊን አንድ ቃል ባትናገር ኖሮ ይወጣ ነበር። ግን ጓሮው በረዶ ነው፤ ልጁ ጓንት አልያዘም፤ ደግሞም የገዛ ባሏን ወንድም ልጅ እንደ ሌባ ከሳሎን አስወጥታ ከማታውቀው ሰው ጋር ስለ እሱ ልታማ ነው። አፏ ከእሷ ቀደመ።

«ኧረ ምን በወጣው። ቤተሰብ ነው እኮ» አለች።

ክሬግ ተመልሶ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ማንም እንዲቀመጥ የፈለገ አይመስልም፣ እሱም ጭምር።

«ስለዚህ እርስዎ ነዎት የማይፈልጉት?»

«ግርግር አልወድም» አለች ማርሊን።

«ሥራው ቢበዛ ሁለት ሳምንት ነው። ሠራተኞቹ እቃዎን ሸፍነው ነው የሚሠሩት።»

«ገባኝ። ብቻ በዚህ ዕድሜ…»

«ባለቤትዎስ? ሆስፒታል እንዳሉ ሰምቻለሁ።»

«ደህና ተይዟል። ነርሶቹ ጥሩ ናቸው።»

«ሲመለሱ ቤቱ አይበርዳቸውም ብለው ያስባሉ?» አለች ሩክሳና። ይህን ስትጠይቅ ብስኩቱን፣ ሻዩን፣ ሙቀቱን ሁሉ አልፋ ማርሊንን ብቻ ነበር የምታየው። የሚጎተት ገመድ ወረወረችላት። የማሞቂያው ብረት ቋ ቋ ይላል። ክሬግ የነከሰውን ብስኩት ሳያላምጥ ጉንጩ ውስጥ ያዘው። ማርሊን በሐሳቧ ክሊፍን አየችው፤ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ፣ ጋዜጣውን ዘርግቶ። ቀጥሎም «የሚሸጥ» የሚል ሰሌዳ ደጃፏ ተተክሎ፣ ሁለቱም ሻንጣ ይዘው መንገድ ዳር ቆመው አየች። ቤት ከሌለ መመለሻ የለም። ማሞቂያ ከሌለ ተመላሽ የለም። የቱ እንደሚሻል የሚያውቅ ሰው ካለ በዚያች ሰዓት ቢነግራት እግሩን ትስም ነበር።

«እሱም ግርግር አይወድም» አለች።

ሩክሳና ራሷን ነቀነቀች። «የእርስዎ ፍላጎት ከሆነ እኔ ከዚህ በላይ ማድረግ የምችለው የለም። ቤቱ ከግዴታው ነፃ ተብሎ ይመዘገባል፤ ለአምስት ዓመት፣ ወይም እርስዎ ከዚህ እስከሚለቁ ድረስ።»

«አምስት ዓመት?» አለች ማርሊን። ለጊዜው ነው ነበር የተባለችው። ወደ ክሬግ ዞረች፤ ክሬግ ምንጣፉን እያየ ነበር። ምንጣፉ ከፋብሪካው የመጣ ነው፣ በስህተት የተሸመነ ስለሆነ ለሠራተኛ በርካሽ የተሸጠ፤ ስህተቱ የት ላይ እንደሆነ ከክሊፍ በስተቀር ማንም አግኝቶት አያውቅም።

በር ድረስ ማርሊን ብቻዋን ሸኘቻት። ኮሪደሩ በረዶ ቤት ነው፤ ሩክሳና ካፖርቷን እየለበሰች ትንፋሿ እንደ ጭስ ሲወጣ አየችው። ዓይኗን ወደ ደረጃው፣ ወደ ፎቁ ጨለማ ወረወረች፣ ከዚያ ወደ ማርሊን። የገባት ገብቷታል። «ሐሳብዎን ከቀየሩ ይደውሉልኝ፤ ለእኔው ነው የሚደውሉት» አለቻት በሹክሹክታ። በሩ ተከፍቷል፣ ክሬግ ሳሎን ነው፣ የማርሊን ቃል አፏ ላይ ደርሷል።

«ደረጃው ያዳልጣል፣ የኔ ልጅ። ቀስ ብለሽ ውረጂ» አለቻት ማርሊን።

ተመልሳ ሳሎን ስትገባ ቆጣሪው ጠቅ አለ። ሁለቱ ማሞቂያዎች አንድ ላይ ጠፉ፤ ካርዱ አለቀ። ክሬግ ብድግ ብሎ፣ «እኔ እሞላልሻለሁ፣ አትንኪው» አለና ጃኬቱን ሳይዘጋ እስከ ጥግ ሱቅ ሮጦ ሞልቶላት መጣ። ከሚያስፈልገው በላይ ነው የሞላው። ሲኒዎቹን እሷ አጠበች፣ እሱ አደረቀ።

ወደ ሆስፒታል የሄዱት በማስተማሪያው መኪና ነው፣ ጣሪያው ላይ «ለማጅ» የሚል ሰሌዳ የተጫነበት። በተሳፋሪው ወንበር በኩል፣ እግር ስር፣ ሁለተኛ ፍሬን አለ፤ ተማሪው ሲሳሳት አስተማሪው የሚረግጠው። ክሬግ ራሱ ሲነዳ እዚያ የምትቀመጠው እሷ ናት። መጀመሪያ ቀን ሳታውቅ ረግጣው መኪናው መሀል አደባባይ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ከኋላ ያለው ሁሉ ጡሩንባ ነፍቶባቸው ነበር። ክሬግ እስኪያስለው ስቆ፣ «ተማሪዎቼ እንኳ እንዳንቺ አያስደነግጡኝም» አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እግሯን ወንበሩ ስር ሸሽጋ ነው የምትቀመጠው፤ ጉልበቷን ያማታል፣ ግን አትዘረጋውም። ክሬግ መንገዱን ሙሉ ስለ አንድ ተማሪው አወራላት፣ ሰባት ጊዜ ወድቆ ዛሬም ግራና ቀኙን ስለማይለይ ሰው። እሷም በሚሳቅበት ቦታ ሳቀች።

የሕሙማን ክፍሉ ይሞቃል። ካፖርቷን አወለቀች፣ ቀጥላ ሹራቧን፣ ቀጥላ ከሹራቡ ስር ያለውን ሌላ ሹራብ። ጣቶቿ ሲፍታቱ ተሰማት፤ ገላዋ በሙቀቱ ደስ አለው፣ እሷም በገላዋ አፈረች። ክሊፍ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፣ ጺሙን ተላጭቷል። ለዜናው የተዘጋጀ ሰው ነው።

«መጡ?»

«መጣች። ጥሩ ልጅ ናት፤ ጫማዬን ላውልቅ ወይ አለችኝ።»

«መስኮቱ ስር እንደሆነ ነገርሻት?»

ማርሊን አንሶላውን አስተካከለችለት። የተስተካከለ ነበር። ጎረቤት አልጋ ላይ ያለው ሽማግሌ ቴሌቪዥን ላይ የፈረስ እሽቅድምድም ያያል፤ ድምፁ ተዘግቷል፣ ፈረሶቹ ዝም ብለው ይሮጣሉ። ክሊፍ እጆቿን ሲያይ ቆየ።

«ክሬግ እዚያው ነበር?» አላት።

«ነበር።»

«እምቢ አልሽ።»

«ይሸጠዋል፣ ክሊፍ። እሸጠዋለሁ አለኝ።»

ክሊፍ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ ትንፋሹን ሰበሰበ፤ ለመናገር አስቀድሞ አየር ማጠራቀም አለበት። ትጮህብኛለህ ብላ ነበር የመጣችው፤ ምነው በጮኸባት። «ምን ታደርጊ። እኔም እሱኑ ነበር የምለው» አላት። ቆይቶ ደግሞ፣ «መጦሪያው ይሞቃል አሉ። ሽማግሌው ሁሉ በሸሚዝ ነው የሚቀመጠው።»

«በየቀኑ እመጣለሁ።»

«ሁለት አውቶቡስ ነው እኮ።»

«ክሬግ ያደርሰኛል።»

«አዎ» አለ ክሊፍ። «እሱስ ጥሩ ልጅ ነው።»

ከዚያ በኋላ እጁን ይዛ ተቀመጠች። በትዳራቸው ሁሉ ትልቁን ነገር ያለፉት እንዲህ ነው፣ ሳይነጋገሩ፤ ልጅ እንደማይወልዱ የተነገራቸው ቀንም እንዲሁ አውቶቡስ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ስለ ዝናቡ አወሩ። ያኔ ግን አብረው ወደ አንድ ቤት ነበር የገቡት። የጉብኝት ሰዓት ሲያልቅ ሹራቦቿን አንድ በአንድ ለበሰች፤ አልቸኮለችም። መውጫው ላይ ያለችው ነርስ ቀና ብላ፣ «እንዴት ሆነ፣ ሚስስ አሽዎርዝ? ማሞቂያው ይገባል?» አለቻት። «አይ፣ ይቅር ብለናል» አለች ማርሊን። ነርሷ አዝና፣ እንግዲያው ለመጦሪያው አልጋ ነገ እደውላለሁ አለቻት። ማርሊን ስላስቸገርኩሽ ይቅርታ አለቻት።

ውጪ መጨለም ጀምሯል፤ ጭቃ የቀላቀለ በረዶ ይጥላል። ክሬግ መኪናውን ከነሞተሩ አስነስቶ በሩ ድረስ አምጥቷል፤ ወርዶ ከፈተላት፣ እንዳያዳልጣት ክንዷን ያዘ፣ ቀበቶዋን ራሱ አሰረላት። ስትቀመጥ ከስሯ ሙቀት ተሰማት፤ ወገቧን አልፎ ጀርባዋ ድረስ ወጣ። በዚህ ክረምት እንዲህ ሞቋት አያውቅም።

«ወንበሩን ቀድሜ አሙቄልሻለሁ፣ አክስቴ» አላት።

ክሬግ መልስ እየጠበቀ አያት። ዓይኑ ቀልቷል፤ እሱም መኪናው ውስጥ ብቻውን ሲያለቅስ እንደቆየ አወቀች፣ እና ይህን ማወቋ ከሁሉ ባሰባት። አሁን እሱን ደግሞ ማባበል ሊኖርባት ነው።

«አመሰግናለሁ፣ የኔ ልጅ» አለችው። መኪናው ሲንቀሳቀስ እግሮቿን፣ ፍሬኑን እንዳትነካ፣ ወንበሩ ስር ሰበሰበች።